ጋሼ ለሽርሽር የጋበዙን ቅዳሜ

ጋሼን ኦክላንድ ውስጥ የማያውቅ አበሻ የለም፤ ማለዳ ደጁ ላይ ቆመው ሊያያቸው የሚፈልግም የለም። ክፉ ሆነው አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ነገር ግን በእኛ ቤተ ክርስቲያን መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። እሳቸው ሰው ይሰበስባሉ፣ ከሌላ ስቴት የሚመጣ ካለ እስኪደርስ ይጠብቃሉ፣ የሞተበት ሰው እስከዚያው ምንም እንዳይሰማ ዙሪያውን ያስጠብቃሉ። ከዚያ ሊነጋጋ ሲል ጋቢያቸውን ደርበው በር ያንኳኳሉ። እኛ ሴቶቹ ስንቀልድ፣ ጋሼ ከሰዓት ከመጡ ሻይ አፍዪላቸው፣ ጎህ ሲቀድ ከመጡ ግን ቤት የለሁም በያቸው እንባባላለን።

እኚህ ሰው አንድ አርብ አመሻሽ ላይ ደውለው፣ ነገ ሽርሽር እንሂድ አሉኝ።

ጋሼና ሽርሽር ምንና ምን ናቸው? ያን ሰሞን ደግሞ እናቴ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ድሮም ልቧ ያስቸግራታል፤ አሁን ሳንባዋ ውኃ ቋጥሯል ብለዋል። እህቴ በየቀኑ ትደውላለች፣ በየቀኑም «ደህና ናት» ትለኛለች። «ደህና ናት» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ እስከ ምን ድረስ እንደሚለጠጥ አሳምሬ አውቃለሁ። ከሞቱ በኋላ ሳምንት ሙሉ ደህና ሆነው የሰነበቱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ራሴም አፌን ሞልቼ «ደህና ናቸው» ያልኩላቸው አሉ። ስለዚህ ጋሼ ሽርሽር ሲሉኝ ሆዴ ወዲያው ነገረኝ።

ባሕሩ መካከል ኤንጅል አይላንድ የምትባል ደሴት አለች አሉኝ። ድሮ በመርከብ የመጡ ስደተኞች ተይዘው የሚመረመሩባት ጣቢያ ነበረች፣ አሁን ሙዚየም ሆናለች፤ ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ኖራችሁ ሳታዩዋት መቅረታችሁ ነውር ነው አሉ። የሳን ሆዜዋ ጓደኛዬም ትመጣለች፣ ነግረዋታል። ልጄ ትነዳለች፣ ለእሷም ነግረዋታል። ለሁሉም ተነግሮ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ይኸ ነው አልኩ በልቤ። ስልኩን እንደዘጋሁ ለእህቴ ደወልኩ። አላነሳችም። እዚያ ገና አልነጋም ብዬ ራሴን ላባብል ሞከርኩ፤ አልተባበልኩም።

ከልጄ ጋር ሁለታችን ነን የምንኖረው። ልጄ እዚህ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ውሸት የሚባል ነገር አትወድም፤ ለእንግዳ ቤት የለሁም በዪልኝ ብላት እንኳ ፊቷን ታጠቁራለች። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ያቺው ልጅ ለአለቃዬ ደውላ «ማሚ ኢዝ ሲክ» ብላልኝ አገኘኋት። ከዚያ ስልክሽ ቻርጅ የለውም ብላ ተቀበለችኝና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቻርጅ እንዳለው አይቻለሁ። አልተከራከርኳትም።

ጓደኛዬን ባሏ ነው ከሳን ሆዜ ያመጣት። እሱ የኦክላንድ ወደብ ላይ ትራክ የሚነዳ፣ ሲያየኝ ሳይተርበኝ የማያልፍ ሰው ነው። የዚያን ቀን ከመኪናው አልወረደም። መስተዋቱን ዘግቶ፣ እጁን ብቻ ብድግ አድርጎልኝ ሄደ። ዓይኔን ማየት አቃተው አልኩ። እሷ ግን ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ለቀቅ ሳታደርገኝም ቆየች። «አይዞሽ» አለችኝ በጆሮዬ። ለምን አይዞሽ እንዳለችኝ አልጠየቅኋትም።

ከእሷ ጋር ካርቱም አንድ ክፍል ተከራይተን የኖርን፣ አንድ ሻሽ ተዋውሰን ኤምባሲ ኢንተርቪው የገባን ነን። እኔ ቁጡና ተጠራጣሪ፣ እሷ ሁሉን አማኝ። በእሷ ስልክ እህቴን አገኛታለሁ ብዬ፣ ስልኳን ይዛ እንደሆነ ጠየቅኋት። ባሏ ጠዋት ስክሪኑን ፊክስ አስደርግልሻለሁ ብሎ ወስዶባታል። «ከተሰነጠቀ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬ ምን ታየው?» አልኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ የእሷንም ስልክ በእኔ ምክንያት ነጠቋት ብዬ አዘንኩላት።

መኪናው ውስጥ ጋሼ ከፊት፣ እኔና እሷ ከኋላ ተቀመጥን። ሪችመንድን አልፈን ረጅሙን ድልድይ ስንሻገር የምታወራው እሷ ብቻ ነበረች። ወሬዋ ስለ ወንድሟ ነው። አባታቸው በልጅነቷ ስለሞተ አሳድጎ ያስተማራት፣ ከአገር ስትወጣ እስከ ጠረፍ የሸኛት ታላቅ ወንድሟ ነው። ስንት ጊዜ ተከልክሎ በመጨረሻ ቪዛ ተመታለት፤ በሚመጣው ወር ይገባል። ክፍል አዘጋጅታለታለች፣ አልጋ ገዝታለታለች፣ የዚህ አገር ንፋስ እንዳይመታው ብላ ወፍራም ጃኬት ገዝታለታለች። ትከሻው ላይ ይጠበው ይሆን ብላ ሐሳብ ይዟታል። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ አንዱንም ልብ ብዬ አልሰማሁም፤ እናቴን በየትኛው ቀሚሷ እንደከፈኗት ነበር የማስበው።

ጀልባው ላይ ብስክሌት የያዙ ፈረንጆችና የሚሯሯጡ ልጆች ሞልተዋል። ጓደኛዬ ነጠላዋን ከፈል አድርጋ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ለእናቴ ብላ ለእመቤታችን የጥላ ስለት መሳሏን ነገረችኝ። ከዳነች አስገባለሁ ብያለሁ አለች። ለሞተ ሰው ስለት እንደማይሳል ታውቃለች፤ እሷም አልነገሯት ይሆን ብዬ ለአፍታ ተስፋ አደረግኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እኔ ራሴ ስንቷን ሴት አብሬያት ሻማ አብርቼ «ትድናለች» ብያት ነበር ብዬ ተስፋዬን ጣልኩት።

ደሴቱ ላይ እንደወረድን ጋሼ፣ መጀመሪያ ብሉ አሉ። ገና ረፋድ ነው። ጓደኛዬ ቋንጣ ፍርፍር በፕላስቲክ ዕቃ ቋጥራ መጥታለች። ጋሼ ራሳቸው አልነኩትም። ብሉ፣ አጥግባችሁ ብሉ፣ መንገዱ ዳገት ነው ይላሉ፤ ወደ ሙዚየሙ የሚወስደው መኪና ደግሞ እዚያው ፊታችን ቆሟል።

ያን ጊዜ ነው እጄን ከምግቡ የሰበሰብኩት። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ ይበላል። ከሰማ በኋላ እህል በአፉ አይዞርምና፣ ሳያውቅ እንዲጠግብ ይደረጋል። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሪችመንድ የምትኖር አንዲት ሴት አባቷ የሞተባት ጊዜ፣ እንዲያው አምሮኝ ሠራሁት ብዬ ዶሮ ወጥ ይዤላት ሄጄ፣ ሆዷ እስኪነፋ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ምን ደግ ሴት ነሽ ብላ መርቃኛለች። አሁን ጓደኛዬ ጠቅልላ ወደ አፌ ስትልክ የዚያች ሴት ምርቃት ትዝ አለኝ። አንድ ጎረስኩና ውኃ ጠጣሁበት።

ጣቢያው ከደሴቱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ወደ ባሕሩ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ነው። ደረጃውን ልጄ ጋሼን ደግፋ ወረድን። ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ከመስኮቶቹ የሚታየው ባሕርም ያምራል። ውስጡ ብረት ላይ የተወጠሩ የሸራ አልጋዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። አስጎብኚዋ ወጣት ሴት ናት፤ የአያቷ አባት እዚህ ታስሮ እንደነበር ነገረችን። አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ነበሩ። ሳምንት፣ ወር፣ ከዚያም በላይ እዚህ ተቀምጠው ይግቡ አይግቡ እስኪባል ይጠብቃሉ። ጉዳያቸው ምን ላይ እንደደረሰ መኮንኖቹ ያውቃሉ፤ እነሱ አያውቁም። ይህን ስትል ልጄ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

ከዚያ ስለ ምርመራው ነገረችን። ሰውየውን ለብቻ አስገብተው ይጠይቁታል። ሰፈራችሁ ውስጥ ጉድጓዱ የት ነው፣ የጎረቤትህ ሚስት ማን ናት፣ የቤታችሁ በር ወዴት ይዞራል። ከዚያም ከተማው ውስጥ ያለውን ዘመዱን ለብቻ ጠርተው ያንኑ ይጠይቁታል። የሁለቱ ቃል ካልገጠመ ሰውየው ይመለሳል። ሌሎቹ ጎብኚዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑ። እኔ ግን ዘዴው ደስ አለኝ።

ልጄን ወደ ጥግ ሳብኳት። «አክስትሽ ጠዋት ደውላ ነበር?» አልኳት በዝግታ፣ የማውቅ መስዬ።

«የስ» አለች። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። «አይ ሚን፣ ቴክስት አደረገች። ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ሊሰን ቱ ዘ ቱር።»

ትቻት ወደ ጋሼ ሄድኩ። ከዘራቸውን ተደግፈው የግድግዳውን ጽሑፍ ያነባሉ። ልጄ ጠዋት አንድ ላይ ሆናችሁ እህቴን እንዳነጋገራችኋት ነገረችኝ አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ አፌ ላይ የመጣልኝ ውሸት ነው።

«እኔ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም፣ ልጄ» አሉ። ከዘራቸውን ግን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

የሁለቱ ቃል አልገጠመም። እናቴ ሞታለች። እዚያ አልጋዎቹ መካከል ቆሜ ይህን እንደ ተራ ነገር ለራሴ ነገርኩት፤ እንባም አልመጣልኝም። የመጣብኝ ቁጣ ነው። የእናቴን ሞት የጓደኛዬ ባል ያውቃል፣ ልጄ ታውቃለች፣ ጋሼ ያውቃሉ፤ እኔ ደሴት ለደሴት ቋንጣ እየበላሁ እዞራለሁ። ስንቱን ሰው እንዲህ ማዞሬ ያን ሰዓት ምንም አልቆጨኝም፤ የራሴ ነው ያንገበገበኝ።

ጓደኛዬ ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። እስረኞቹ እንጨቱ ላይ በቢላዋ ግጥም ቀርጸውበታል። ጠባቂዎቹ በቀለም ቢደፍኑትም ፊደሉ ከስር ይታያል። እሷ ሳትነካው በጣቷ አየር ላይ ትከተለዋለች። «ወንድሜ ሲመጣ እዚህ ነው የማመጣው» አለችኝ። «እሱ የድሮ ነገር ይወዳል። የማያውቀውን ፊደል እንኳ ቁጭ ብሎ ያነበዋል፣ ታይዋለሽ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝና፣ ካርቱም ኢንተርቪው በገባን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ ጉልበቴ ላይ እንዳስቀምጠው የመከረችኝን አስታወሰችኝ። ዛሬም ይንቀጠቀጣል፣ ምነው አለችኝ። እጄን ነጥቄ ወጣሁ።

ጋሼ ቀድመውኝ ወጥተው ከባሕሩ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ትልቅ ደወል አለ። እኛ ዘንድ መርዶ አይጠየቅም። የጠረጠረ ሰው ቢጠረጥርም ዝም ብሎ ቀኑን ይጠብቃል፣ ከጠየቀ ሽማግሌዎቹን ያሳፍራል። እኔ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ልጅ አይደለሁም። ሽርሽሩም ምግቡም ገብቶኛል። እናቴን ቀብረዋታል አይደል? ቁርጤን ይንገሩኝ።»

በሕይወቴ ጋሼ እንዲያ ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ እኔን አላዩም፤ ከኋላዬ ያለውን በር ነው ያዩት። ማንም እንደሌለ ሲያረጋግጡ እጄን ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አንቺ አይደለሽም» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። እንዲህ ተብሎ የተሸነገለ ስንት አለ። እናትሽ ደህና ናት ሲሉኝማ ይባስ ተነስቼ ልጮህ ነበር። ልጄ ከቤቱ ወጥታ ስታየን እየሮጠች መጣች። ጋሼ ስልኳን ስጫት አሏት። ስልኬ ላይ እህቴ ጠዋት የላከችው የድምፅ መልእክት ነበር። የእናቴ ድምፅ ነው። የሆስፒታሉን ሾርባ ትረግማለች። ጨው የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ እኔን ሊገድለኝ ያሰበው በሽታው ሳይሆን ሾርባው ነው ትላለች። ከኋላ ነርሷ ስትስቅ ይሰማል።

መልሼ መላልሼ ሰማሁት። ስልኩን ሳምኩት። የጋሼን ጉልበት ሳምኩ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፤ ልጄን የወለድኩ ቀን እንኳ ፍርሃት ነበረበት። ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ነው፣ ታዲያ ማን ነው ብዬ ለመጠየቅ ቀና ያልኩት።

ጓደኛዬ ያን ጊዜ ከበሩ ብቅ አለች። ንፋሱ ነጠላዋን እየነጠቃት፣ የምግቡን ቦርሳ አንግታ፣ እኛን ፈልጋ በዓይኗ ትማትራለች። ስልኳን የወሰደው ባሏ ነው። ከመኪናው ያልወረደው ባሏ ነው። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩት የጃኬቱ ነገር ሲነሳ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሁሉንም አይቼ ለራሴ ነበር የተረጎምኩት።

ጋሼ በጥድፊያ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ወንድሟ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጁ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ያመመው ነገር አልነበረም። ታናሽ እህቷ ዛሬ አመሻሽ ከሲያትል ትገባለች፤ ለጓደኛዬ ነገ ማለዳ ይነገራታል። ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚሉ ስለጀመሩ ቤት ማቆየት አልተቻለም፤ የእኔንም ስልክ የያዙት ለዚሁ ነው። ለእሷ የተነገራት፣ ጓደኛሽ በእናቷ ተጨንቃለችና አብረሻት ውለሽ አጽናኛት የሚል ነው። ይህን ሲሉኝ ጠዋት በጆሮዬ ያለችኝ አይዞሽ ገባኝ።

ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም አልኳቸው።

«ሆድሽ ነገር አይችልም ብለን ነው» አሉኝ። «አሁን ግን ቻዪው።»

ልጄ ለብቻዋ ባሕሩን እያየች ታለቅሳለች። አርብ ዕለት፣ ሰው የራሱን ኀዘን የማወቅ መብት አለው ብላ ጋሼን ተከራክራ እንደነበር ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ደግሞ ማዘን ይገባኝ ነበር፤ አላዘንኩም። ደስታዬ አልወጣ አለኝ። የእናቴ ሾርባ ጆሮዬ ላይ ነው። ያቺን ሴት ከእህቴ አብልጬ እወዳታለሁ፣ ግን የእሷ ወንድም በመሆኑና የእኔ እናት ባለመሆኗ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እሷ መጥታ ከፊቴ ቆመች፣ አገጬን ይዛ አየችኝ። «ፊትሽ ተፈታ። ምን ሰማሽ?»

«እናቴ ቮይስ ላከች። ደህና ናት» አልኳት።

እዚያው፣ ፈረንጆቹ ቆመው እያዩ፣ እልል አለች። ስለቴ ሰመረ ብላ መሬቱን ሳመች። አቀፈችኝ፣ ጋሼን አቀፈች፣ ልጄን አቀፈች። ልጄ በእቅፏ ውስጥ ደርቃ ቆመች። ከዚያ እጇን ወደ ልጄ ዘረጋች። «ስልክሽን ስጪኝማ፣ ለወንድሜ ኮል ላድርግለት። ለአያትሽ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ይጸልይላታል። ቢተኛም ይነሳል፣ ለእንዲህ ያለ ወሬ።»

ጋሼ ከዘራቸውን አዩ። ልጄ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንግሊዝኛ ሳትቀላቅል፣ በጠራ አማርኛ «እዚህ ኔትወርክ የለም፣ አክስቴ» አለች።

«ታዲያ የእናትሽ እናት ድምፅ በምን መጣ?»

«ጠዋት ቤት ሳለን የገባ ነው» አልኩ እኔ። ለውሸቱ ደረስኩለት። ጓደኛዬ ሁሉን አማኝ ናት ብያለሁ፤ አመነችን። እንግዲያው ነገ እነግረዋለሁ አለች።

ከዚያ በኋላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወስጄ የምግቡን ዕቃ ከፈትኩ። ብዪ አልኳት። ቅድም በልቻለሁ አለች። እኔን ስታጎርሺ ነው የዋልሽው እንጂ አንቺ የት በላሽ አልኳት። ጠቅልዬ አጎረስኳት፤ ደገምኳት። ዛሬ ምን ነክቶሻል፣ እንዲህ ያለ ደግነት አላውቅብሽም ብላ እየሳቀች ተቀበለችኝ። ጋሼ በዓይናቸው በርቺ አሉኝ። በላች፣ ጠገበች፣ እጇን ጠረገች፣ መረቀችኝ። እናትሽን ያቆይልሽ አለችኝ። አሜን ያልኩት ከአንጀቴ ነው፤ እሱ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ለእናቴ ስትጸልይ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ኖሮ ወዲያው ነው የወሰዳት። እንዳትነቃብኝ ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ስትነቃ ምን እንደሚጠብቃት እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ ያውቃሉ፣ ልጄ ታውቃለች። ደስታዬ ያኔ ነው እየቀዘቀዘ የመጣው፣ ከእግሬ ጀምሮ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሳን ሆዜ ደጇ ላይ ነበርን። ነጠላችንን ለኀዘን አዘቅዝቀን ለብሰናል፤ ከሲያትል የገባችው እህቷ እስኪነገራት መኪና ውስጥ ትጠብቃለች። እኔ ከኋላ ልደበቅ ፈልጌ ነበር፤ ጋሼ ግን አንቺ ፊት ግቢ፣ የሚቀርባት ሰው ፊት ይሁን አሉኝ። ባሏ ከውስጥ በሩን ከፈተልን። ዓይኑ ቀልቷል። በስተቀኝ ለወንድሟ የተዘጋጀው ክፍል ክፍት ነው፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ጃኬቱ ከነመስቀያው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል።

እሷ ሻሿን እያሰረች ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ሰዎቹን አየች፣ ጋሼን አየች። ከዚያ እኔን፣ ነጠላዬን፣ ሲያነባ ያደረውን ዓይኔን አየች። ፊቷ ተሰባበረ። በሰዎቹ መካከል አልፋ መጥታ አንገቴ ላይ ወደቀች።

«ዋሽተውሽ ነበር አይደል?» አለችኝ እያለቀሰች። «እኔን፣ እኔን። እናታችን ሞተች?»

እሷ ጀርባዬን ትደባብሳለች። አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ካርቱም ማን ነበረን ትለኛለች። ባሏን ውኃ አምጣላት አለችው። ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነይ ልጄ፣ እስኪ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉ። እሷ ለእኔ የተናገሩ መስሏት፣ ወንበር ስባ አመጣችና፣ ትከሻዬን ይዛ እኔን አስቀመጠችኝ።